ግማሹ የተነበበ መልእክት

በሠርግ ቤት እንደ ሐዋርያው ጳውሎስ ቃሉ የሚጠቀስ፣ ቃሉም እንደ እርሱ ከመካከል የሚቆረጥበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ወደ ኤፌሶን ሰዎች ከላከው መልእክት አምስተኛውን ምዕራፍ የማያውቅ የሠርግ ታዳሚ የለም፤ ወይም የሚያውቀው ይመስለዋል። ሚስት ለባሏ እንድትገዛ የሚያዝዘው ቃል በሁሉ አፍ አለ። መካሪው ይጠቅሰዋል፤ ሽማግሌው ይደግመዋል፤ ባልም ምሳው የዘገየ ዕለት ትዝ ይለዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግን ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይታጠፋል።

እስቲ የታጠፈውን ገልጠን እንቁጠር። ለሚስቶች የተነገረው ከቁጥር 22 እስከ 24 ሦስት ቁጥር ነው። ከ25 ጀምሮ እስከ ምዕራፉ መደምደሚያ ያሉት ዘጠኝ ቁጥሮች በአብዛኛው የተነገሩት ለባሎች ነው። የታዘዙትም ከባድ ነው፤ ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን ለሞት አሳልፎ እንደ ሰጠ፣ ባልም ሚስቱን እንዲሁ ይውደድ ይላል። ጳውሎስ ባልን ራስ ሲል ምሳሌው ይህ ነው፤ የእሾህ አክሊል የደፋ ራስ።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ቁጥር 21 አለ፤ ምእመናን አንዱ ለሌላው እንዲገዛ የሚያዝዝ። በ4ኛው መቶ ዘመን በተጻፈው በታወቀው የቫቲካን የግሪክኛ ቅጂ፣ ቁጥር 22 የራሱ ግሥ እንኳ የለውም፤ መገዛት የሚለውን ከቁጥር 21 ይዋሳል። ታዲያ የሁሉም የሆነውን ትእዛዝ ለሚስት ብቻ አሸክሞ መሄድ ምን የሚሉት ንባብ ነው?

ይኸው ሐዋርያ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክት፣ በምዕራፍ 7፣ ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ሥልጣን እንደሌላት፣ ሥልጣኑ የባሏ እንደሆነ ይናገራል። ብዙዎች ንባባቸውን እዚህ ላይ ይገታሉ። እርሱ ግን አልገታም፤ በዚያው ቁጥር ባልም በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን እንደሌለው፣ ሥልጣኑ የሚስቱ እንደሆነ ጨመረ። የሮም ሕግ አባወራውን የቤቱ ጌታ አድርጎ በሾመበት ዘመን ይህን መጻፍ ድፍረት ነበር። ዛሬም በሠርግ ድንኳን መካከል ቆሞ ጮክ ብሎ ማንበቡ ድፍረት ይጠይቃል።

«ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚሉ አይጠፉም። መልሱ ከሩቅ አይመጣም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በስሙ በተጠራ ቅዳሴ የምትቀድስለት ዮሐንስ አፈወርቅ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ያንኑ የቆሮንቶስ መልእክት ሲተረጉም፣ በ26ኛው ድርሳኑ ሚስቱን የሚመታ ባልን ይወቅሳል። ጩኸቷ በየመንገዱ ሲሰማ፣ ጎረቤትና አላፊ አግዳሚ አውሬ የገባ ይመስል ወደዚያ ቤት ሲሮጥ ያሳየናል። እንዲህ ያለውን ባል ሰው ከማለት አውሬ ማለት ይሻላል፤ እናት አባቱን ከሚገድል ሰውም ጋር ያስተካክለዋል። ምክንያቱ ከኦሪት ዘፍጥረት የተወሰደ ነው፦ ሰው እናት አባቱን እንኳ ትቶ ከሚስቱ ጋር ይተባበር ዘንድ ከታዘዘ፣ ከእናት አባት በላይ የተሰጠችውን መምታት ምን ስም ይወጣለታል?

እርግጥ ነው፣ አፈወርቅ ሚስቶች አስቸጋሪ ባልን እንዲታገሡ መክሯል፤ ባልንም ራስ ብሏል። የዛሬን ሰው አድርጌ ላቀርበው አልሻም። ሆኖም ለሚስቶች የተናገረውን ሲናገር ለባሎች የሚገባውን አላስቀረባቸውም። የእኛ ሽማግሌዎች ያስቀሩት ይህን ነው።

ነገሩ የንባብ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመምህራን በተውኩት ነበር። ፊቷ ያበጠ ሴት ወደ ወላጆቿ ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ቃል ግን «ቻይው፤ ትዳር መስቀል ነው» የሚል ነው። ተመክራ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። የማይመለሱም አሉ፤ የሚቀበሩ። አንባቢ ሆይ፣ መልእክቱን ዳግም ተመልከት፤ ራሱን አሳልፎ እንዲሰጥ የታዘዘው ማን ነበር? ጳውሎስ በባል ጫንቃ ላይ ያኖረውን መስቀል አንሥቶ ለሚስት ያሸከመው ማነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው። ሕጉ ይህን ሲያደርግ ከሃይማኖት የራቀ የመሰላቸው ነበሩ። ሥርዓተ ተክሊልን ግን አስተውለው ቢሆን ኖሮ፣ ከመሠዊያው ፊት የሚቀርበው አክሊል ሁለት መሆኑን ባዩ ነበር። ሙሽራው ይደፋል፤ ሙሽሪትም ትደፋለች። አንድ ጸሎት ይጸለይላቸዋል፤ ከአንድ ጽዋ ይቀበላሉ። በዚያ ሰዓት ዘውድ የደፋችን ንግሥት በማግስቱ በጥፊ መምታት ሚስትን ብቻ ሳይሆን አክሊሉን መድፈር ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሐዋርያውን የምትጠቅሱ፣ እስከ መጨረሻው ጥቀሱት። ለዕርቅ የምትቀመጡ ሽማግሎች፣ «ለምን አልታገሥሽም?» ከማለታችሁ በፊት ባልን «ራስህን የሰጠሃት በምንድን ነው?» በሉት። መልስ ካጣ፣ ጥቅሱን አጥፉና ልጅቱን አሳርፏት።

ቸር ይግጠመን።