ነርቩን ከጀርባ የፈለግንበት ምክንያት

ባለፈው ሰሞን በላቦራቶሪ አንድ ትልቅ አንበጣ በሰም ሳሕን ላይ በመርፌ ተወጥሮ ቀረበልን። የታዘዝነውም ዋናውን የነርቭ ገመድ ፈልገን እንድናሳይ ነበር። ከመካከላችን የአንበጣን የውስጥ ሥዕል ከነስያሜው በቃሉ ያላጠና የለም፤ በፈተና ቀን ሣሉ ብንባል ዓይናችንን ጨፍነን እንሥላለን። መቀሱ እጃችን በገባ ጊዜ ግን ጀርባውን ሰንጥቀን ከቆዳው ሥር ቀጭን ቱቦ መሰል ነገር ብናገኝ «ይኸውላችሁ ነርቩ!» ብለን ተደሰትን። ልቡ ነበር። እውነተኛው ነርቭ ከአንጀቱ በታች በሆዱ በኩል ተጋድሞ ሳለ አንጀቱን ስንጎትት አብረን በጠስነው። ከዚያም እንደ ልማዳችን ከአምናው ተማሪ ደብተር ሥዕሉን ገልብጠን አስረከብን፤ ማርኩም ሙሉ ሆኖ መጣ።

ይኽን የምንጽፈው ለማሣቅ አይደለም። ለምን ከጀርባው ፈለጋችሁት ቢሉ፣ እኛ ራሳችን ሕብለ ሠረሠራችንን በጀርባችን የተሸከምን ፍጡሮች ስለ ሆንን ነው። እጃችን የሄደው ወደ ገዛ ሰውነታችን ፕላን ነበር። የአንበጣው ክፍሎች ስም እንጂ አቀማመጣቸው አእምሯችን ውስጥ አልገባም።

የእንስሳት ሰውነት ፕላን የሚባለው ግን ይኸው አቀማመጥ ነው። አፉ ከወዴት ነው? አንጀቱ ከምን በላይ፣ ከምንስ በታች ያልፋል? ሰውነቱን የሚደግፈው ጠንካራ ነገር ከውስጥ ነው ከውጭ? የባሕር ኮከብ እንደ ድፎ ዳቦ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ የሚከፈል ነው፤ ፊትና ኋላ የለውም። በግና አንበጣ ግን ሁለቱም ግራና ቀኝ፣ ራስና ጅራት አላቸው፤ መንገዳቸው የሚለያየው ከዚያ ወዲያ ነው። በግ አጥንቱ ከውስጥ፣ ነርቡ ከላይ፣ ልቡ ከታች ነው፤ አንበጣ ቅርፊቱ ከውጭ፣ ልቡ ከላይ፣ ነርቡ ከታች። አንበጣን ራሱን ብቻ ውኃ ውስጥ ቢደፍቁት አይታፈንም፤ የሚተነፍሰው በደረቱና በሆዱ ጎንና ጎን በተሰለፉ 10 ጥንድ ቀዳዳዎች ነውና። አየሩም በደሙ ሳይሆን በራሱ ቱቦ እስከ ሥጋው ድረስ ይደርሳል።

ይኽ የላይና የታች ጉዳይ ታላላቅ ሊቃውንትንም አጣልቷል። ፈረንሳዊው ዤፍሯ ሴንት ኢሌር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1822 ሎብስተር የተባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ በጀርባው አስተኝቶ ቢመለከተው፣ የውስጥ አካላቱ ተራ ከአጥቢ እንስሳ ተራ ጋር የሚገጥም ሆኖ አገኘው። ኩቪዬ ግን እንስሳት ሁሉ በማይገናኙ 4 ፕላኖች የተከፈሉ ናቸው ባይ ስለ ነበረ፣ ሁለቱ በ1830 በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ፊት ስለ እንስሳት ፕላን አንድነትና ልዩነት ተከራከሩ። በጊዜው ብዙ ሰው ለኩቪዬ ፈረደ። በ1990ዎቹ ግን በዝንብ ፅንስ በሆድ በኩል የሚሠራ አንድ ጂን፣ በእንቁራሪት ፅንስ በጀርባ በኩል ከሚሠራው ጂን ጋር ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ዤፍሯ በሁሉም ነገር ልክ አልነበረም፤ ይኽችን ግን አይቷል። ያየውም እንስሳውን ገልብጦ ነው፤ እኛ የገለበጥነው ደብተር ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ እንዲህ ያለው ዕውቀት ከቤታችን መኖሩ ነው። እናቶቻችን ዶሮ ሲያወጡ ቢላዋቸው ከመገጣጠሚያው ገብቶ ሳይሳሳት 12 ብልት ያወጣል። ሥጋ ሻጩም ሽንፍላን ከጨጓራ፣ ጣፊያን ከጉበት በመዳሰስ ብቻ ይለያል፤ እኛ የላሟን ሆድ 4 ክፍሎች በእንግሊዝኛ እንቆጥራለን እንጂ በእጃችን ቢሰጡን አንለያቸውም። ለበዓል ቤት ገብተን የዶሮ ክንፍ ስንግጥ፣ አንድ የላይ አጥንት፣ ሁለት የታች አጥንቶች፣ ከጫፉም የተጋጠሙ ጣቶች ያሉት የገዛ ክንዳችን አምሳያ መሆኑን ማን ልብ ይላል? ፒየር ቤሎን የተባለ ፈረንሳዊ የሰውንና የወፍን አጽም ጎን ለጎን አድርጎ አጥንቶቻቸውን በማመሳሰል ያሳተመው በ1555 ነበር።

«የሚከፈት እንስሳ ከየት ይመጣል?» የሚለውን መልስ እናውቀዋለን። የበሬ ሳንባና ልብ ከቄራ ይገኛል፤ የዓሣ ራስ ከዓሣ ሻጭ ደጅ ይጣላል፤ ክረምት ሲገባ የመሬት ትል ከመኝታ ቤታችን በር ላይ ይርመሰመሳል። (በጾም ወራት ዶሮ መክፈት ነውር ነው የሚል ባልንጀራም አለን፤ ብላ ያለው ግን የለም።)

መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በሚመጣው የተግባር ፈተና ስም ያልተጻፈበት፣ ሥዕሉም በመጽሐፋችን የሌለ እንስሳ ይቅረብልን፤ ጥያቄውም «ነርቡ ከወዴት ይመስላችኋል? ለምን?» የሚል ይሁን። የብዙዎቻችን ማርክ እንደሚወርድ እናውቃለን፤ ይኽን የምንጽፈውም የእኛው አስቀድሞ እንደሚወርድ እያወቅን ነው።