ኤፒአይ የምታቀርቡ ሰዎች፣ ኧረ የሰው ቤት አታፍርሱ!

«ቪ2 አውጥተናል፣ ከሰኞ ጀምሮ ቪ1 አይሠራም» የሚል ኢሜይል አርብ ማታ የሚልክ ድርጅት ቨርዥኒንግ እየሠራ አይደለም። የራሱን ሥራ ለደንበኞቹ እያሸከመ ነው። ዩአርኤል ላይ ቪ2 ብሎ መጻፍማ ማን ያቅተዋል? ከባዱ ቪ1ን በሕይወት ማቆየት ነው።

ኢሜይል የሚልከው እንኳ ደግ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የክፍያ አገልግሎት የገንዘቡን መጠን ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ቀየረው። 150 የነበረው «150.00» ሆኖ መጣ። ቨርዥኑ ያው ቪ1፤ ማስታወቂያ የለ፣ ምን የለ። የተከፈለውን ከታዘዘው ጋር የሚያመሳክረው ኮዳችን አልገጥም አለውና ብሩ ገብቶ እያለ «ክፍያው አልተፈጸመም» ይል ጀመር። ደንበኛው ከባንክ የመጣለትን ቴክስት እያሳየ ይጮኻል። ስንደውል «ትንሽ ማስተካከያ ናት» አሉን። ለማን ነው ትንሽ?

ነገሩኮ አልተወሳሰበም። አዲስ ፊልድ ጨምሩ፣ ማንም አይጎዳም። (የማያውቀውን ፊልድ ሲያይ የሚወድቅ ኮድ የጻፈ ካለ እሱ ራሱን ይውቀስ።) የነበረውን ስም መቀየር፣ ዓይነቱን መለወጥ፣ አማራጭ የነበረውን ግዴታ ማድረግ ግን መስበር ነው። መጠኑን በጽሑፍ ፈለጋችሁ? ከአሮጌው አጠገብ ሌላ ፊልድ አስቀምጡ፣ አለቀ። ቪ2 ራሱ ላያስፈልግ ይችላል።

«አሮጌውን መሸከም ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ውድ ነው። ስትራይፕ ደንበኛውን መጀመሪያ ጥሪ ባደረገበት ጊዜ የነበረው ቨርዥን ላይ ያስረዋል። ዋናው ኮድ አዲሱን መልስ ብቻ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ትንንሽ መቀየሪያዎች ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ እየመለሱ ደንበኛው ወደሚያውቀው መልክ ያመጡታል። በ2017 እ.ኤ.አ. ስለዚህ አሠራር ሲጽፉ ከ2011 ጀምሮ ያወጡት ቨርዥን ሁሉ ይሠራ ነበር።

የስትራይፕ አቅም የለንም? እሺ። ጊትሀብ በ2022 ቨርዥኖቹን በቀን መሰየም ሲጀምር፣ አዲስ ሲወጣ የቀድሞው ቢያንስ 24 ወር እንደሚቆይ ቃል ገባ። ቀን ቆርጦ መናገር የስንት ኢንጂነር ደሞዝ ይጠይቃል? የመዝጊያውን ቀን በራሱ በመልሱ ውስጥ የሚናገር «ሰንሴት» የሚባል ሄደርም በአርኤፍሲ 8594 ከ2019 ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል። ሎጋችሁን አይታችሁ አሁንም ቪ1ን ማን እንደሚጠራ ለዩና ደውሉለት። አፕ ለማደስ የዳታ ፓኬጁን የሚቆጥብ ሰው በሞላበት አገር፣ ዴቨሎፐሩ ዛሬ ኮዱን ቢያስተካክል እንኳ ተጠቃሚው ስልክ ላይ ያለው አሮጌው አፕ ለወራት እንደሚቆይ አትርሱ።

እስቲ ዶክመንቴሽናችሁን ክፈቱና ቪ1 መቼ እንደሚዘጋ የተጻፈበትን ገጽ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።