ለሟች ድንኳን፣ ለአረጋዊ ምጽዋት

ስለ አረጋውያን መኖሪያ ማዕከላት በተነሣ ቁጥር «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ አገር ወላጅ በልጁ እጅ ይጦራል» የሚል መልስ እሰማለሁ። መልሱ ያማረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። እውነት ቢሆን ኖሮ «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» የሚለው አነጋገር በቋንቋችን ባልኖረ ነበር። የመቄዶንያ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ባላስጠለለ ነበር።

ቢንያም በለጠ ያቋቋመውን ይህን ማዕከል አከብራለሁ። ሙግቴ ከእርሱ ጋር አይደለም፤ እርሱን አመስግነን ከኃላፊነት ካመለጥነው ከእኛ ጋር ነው። በ2017 ዓ.ም. ለማዕከሉ ሕንፃ ማጠናቀቂያ በዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ አገሬው ተነቃንቆ ሰጠ። ደግ አደረገ። ነገር ግን ሕንፃ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሽማግሌ በየቀኑ ይበላል፣ ይታጠባል፣ ሌሊት የሚያገላብጠው ሰው ይፈልጋል። የአስታማሚ ደመወዝ በአንድ ሰሞን እንባ አይከፈልም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ሐረግ ግን ሦስት ዐሥርት ዓመታት መሸሸጊያ ሆናለች። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ልጅ ችግረኛ ወላጁን እንዲጦር ያስገድዳል። ልጅ የሌለው፣ ልጁ የሞተበት ወይም ልጁም እንደ እርሱ የደኸየ ሽማግሌ ታዲያ ማንን ይክሰስ? ጡረታውስ? ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበት ሥርዓት የተበጀው ለደመወዝተኛ ነው፤ ዕድሜውን በእርሻ፣ በጉልት፣ በቀን ሥራ የፈጀውን አያውቀውም።

የሚያስገርመው፣ ማዋጣት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። እድራችን በየወሩ ይሰበስባል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ዝግጁ ነው። ሰው ሲሞት ሰፈር ይሞላል። ያው ሰው ከመሞቱ በፊት ለዓመታት የአልጋ ቁራኛ ሲሆን ግን የብዙው እድር ደንብ ዝም ይላል።

ስለዚህ እላለሁ፦ መንግሥት ለእያንዳንዱ ጧሪ አልባ አረጋዊ የእንክብካቤውን ወጪ በዓመታዊ በጀት ይመድብ። ገንዘቡም አረጋዊው ወደሚኖርበት ማዕከል ተከትሎት ይሂድ፤ አያያዙም በየጊዜው ይመርመር። እድሮችም ከመዋጮአቸው ጥቂቱን በቤታቸው ለሚታመሙ አረጋውያን ያውሉ፤ ማዕከል የሚገባው ቤት የሌለው ወይም ቤቱ ሊያስታምመው ያልቻለ ብቻ ይሁን።

ቀባሪስ አላጣንም። የጎደለን ጧሪ ነው።