ቀይ ባሕርን ትተን ስለ ሆራ እንነጋገር

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም ወዲህ የባሕር ነገር ከአፋችን አልጠፋም። ካፌ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ እዚህ አስተያየት መስጫ ላይ ሳይቀር አሰብ ይነሳል፣ ምጽዋ ይነሳል። ዛሬ የወደብ ክርክር ውስጥ አልገባም። ጥያቄዬ ትንሽ ናት፤ አዳማ፣ ቢሾፍቱ ወይም ባቱ ላይ አንድ ልጅ ውኃ ውስጥ ቢሰምጥ ማነው ወርዶ የሚያወጣው?

መልሱን እናውቀዋለን። በአጋጣሚ እዚያ የነበረ፣ ዋና የሚችል ጎረምሳ ነው። እሱ ካልቻለ የዓሣ አስጋሪ መረብ፣ ገመድ፣ ከዚያ ድንኳን። «ጠላቂ ዋናተኞች» የሚለውን ቃል በዜና የምንሰማው ብዙውን ጊዜ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ሠራተኞች ከወንዝ ወይም ውኃ ካቆረ ጉድጓድ አስከሬን አወጡ ሲባል ነው። እጃቸው ይባረክ። ግን ሐይቁ ያለው እኛ ዘንድ ነው! የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ይጠልቃል፣ ባቦጋያ 65 ሜትር። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ አፍ ናቸው፤ ዳራቸው እንደ ወንዝ ዳር ቀስ እያለ አይወርድም። ልጁ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይስቃል፣ ሁለት እርምጃ ሲጨምር እግሩ መሬት ያጣል። ወንጂ ደግሞ የመስኖ ቦይ አለ፣ አዋሽ አለ፣ ቆቃ አለ ከነጉማሬውና ከነአዞው።

እና ይህን ሁሉ ውኃ ምን አደረግነው? «ሌክ ቪው» ብለን ሸጥነው። ሐይቁን እያዩ ዓሣ ጉላሽ ይበላሉ፣ ሙሽሮች ጀርባቸውን ለውኃው ሰጥተው ፎቶ ይነሳሉ። ውኃው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ሆነ።

ስለ ዳይቪንግ ስናነሳ «የሀብታም ጨዋታ ነው» የሚሉ አሉ። መዝናኛውማ ነው፣ ማን ካደ? ሙያው ግን የድሃ ልጅን ከውኃ የሚያወጣው ሙያ ነው። የግድብ በር የሚፈተሸው፣ የሰመጠ ጀልባ የሚፈለገው በዚሁ ሙያ ነው። ሌሎች ደግሞ «የእኛ ውኃ ምን ይታይበታል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ላንጋኖ እንደ ሻይ ቡናማ ነው፤ ታች የራስህን እጅ ማየት ይቸግራል። ዝዋይ ጥልቀቱ ቢበዛ 9 ሜትር ገደማ ነው፣ ቢልሃርዚያም ያሰጋል። ኮራልና ባለ ቀለም ዓሣ የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኝም። ነገር ግን ነፍስ አድን ጠላቂ የሚሠራው በድፍርስ ውኃ ውስጥ በዳሰሳ ነው። እንዲህ ያለ ማሠልጠኛ ተፈጥሮ በነፃ ሰጥታናለች።

ደግሞም በእኛ ከፍታ መጥለቅ የራሱ ሒሳብ አለው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። እዚያ 18 ሜትር የወረደ ሰው፣ ናይትሮጅን ከሰውነቱ ሲወጣ የሚቆጠርለት ባሕር ላይ 22 ሜትር ገደማ እንደወረደ ሆኖ ነው። ከውኃ ወጥቶ ወዲያው በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ቢገባ ደግሞ ከ400 ሜትር በላይ ሌላ ከፍታ ጨመረ። ደሙ ውስጥ አረፋ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ይህን ለባሕር ዳር ሰው የተዘጋጀ ሠንጠረዥ እንዳለ ገልብጦ መሥራት አይቻልም፤ የራሳችን አሠልጣኞች ያስፈልጉናል።

አንድ የአዳማ ወዳጄ ሰሞኑን ጅቡቲ ለጀልባ ጉዞ ተመዝግቧል። ሳምንት ሙሉ ጀልባው ላይ እያደሩ፣ እየበሉ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየጠለቁ የሚሄዱበት ጉዞ ነው፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ በኅዳርና በታኅሣሥ ያያሉ፣ አንዳንዱም እስከ ባብ ኤል መንደብ፣ ሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች ድረስ ይዘልቃል። እኔን የጠየቀኝ ምን ዓይነት ካሜራ ልግዛ ብሎ ነው። መቼ ዋኝተህ ታውቃለህ አልኩት። ሶደሬ፣ በልጅነቱ! እንግዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጠና እንኳ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠይቃል። የሰባቱ ወንድማማቾች ማዕበል ደግሞ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። «ስመለስ በባቡር ነው፣ አውሮፕላን አልሳፈር» ብሎ ሊያረጋጋኝም ሞከረ። ባቡሩም እኮ ከባሕር ወለል ተነስቶ አዳማ ሲደርስ ከ1,600 ሜትር በላይ ወጥቷል! ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩም ሆነ ተራራ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ባሕር ዳር ማረፍ አለበት። ሶደሬ ሄዶ ሁለት ወር ይዋኝ፣ ካሜራው ይቆየው። (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሳይሆን ተራ የተጨመቀ አየር መሆኑንም እግረ መንገዴን ነግሬዋለሁ።)

በወዳጄ የምትስቁ ካላችሁ ኮሞሮስን አስታውሱ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከሞቱት ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ስለነበር፣ ውኃው ሲገባ ጣሪያው ላይ ተለጥፈው መውጣት አልቻሉም። ቀድመው ለእርዳታ ከደረሱት መካከል በአጋጣሚ እዚያ ዳርቻ ለመዝናናት የመጡ ጠላቂዎች ነበሩ። አዎ፣ ያ «የሀብታም ጨዋታ» የምንለው። ጃኬት ከአውሮፕላኑ ወጥቶ እንጂ ውስጥ አይነፋም የሚለው እውቀት ትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው። ዛሬ ከባቱ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት የሚሻገረው ሰው ስንቱ ያውቀዋል?

የምጠይቀው መርከብ አይደለም። ሐይቅ ዳር ለሚሠራ ሎጅና ሪዞርት የንግድ ፈቃድ ሲታደስ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ የሠለጠነ ነፍስ አድን፣ መወርወሪያ ቀለበትና ጀልባ ይጠየቅ። ሌክ ቪው ሸጦ ያተረፈ ይህን መክፈል አያቅተውም። አዳማ፣ ቢሾፍቱና ባቱ በጋራ አንድ ስምንት ሰው ያለበት የጠላቂ ቡድን ያቋቁሙ፤ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ልጆች ይመልመሉ፣ ውኃውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለኢሬቻ ያ ሁሉ ሕዝብ ሆራ አርሰዲ ዳር ሲቆም፣ ለጥምቀት ታቦት በዝዋይ ላይ በጀልባ ሲሻገር ይህ ቡድን እርጥብ ልብሱን ለብሶ ይጠብቅ። «በጀት የለም» የሚል ባለሥልጣን ለአደባባይ ፏፏቴ የወጣውን ወጪ ይንገረንና ከዚያ እንነጋገራለን።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅድ የሚገባው ከዚያ በፊት ነው። ሐይቅ ዳር ሆቴል የምትሠሩ የቻናሉ ተከታዮች፣ ከባልደረቦቻችሁ ስንቱ 200 ሜትር እንደሚዋኝ ቆጥራችሁ እዚህ ሥር ጻፉልን። የሆቴሉን ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ይበቃል።