አንዴ የሚበራ አንዴ የሚጠፋ መብራት

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና በባቱ በኩል ወደ አዳሚ ቱሉ በሚወርደው መንገድ ከሚመላለሱት የነጋዴ ኦቶሞቢሎች መካከል ዕድሜያቸው የገፋ ሃይብሪድ መኪናዎች ይገኙባቸዋል። ሃይብሪድ የሚባለው የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር ተባብረው የሚያስኬዱት ሲሆን፣ የቶዮታ ኩባንያ ፕሪየስ የተባለውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ በዓለም የተስፋፋ ነው። ነዳጅ ስለሚቆጥብ ለነጋዴ የተመቸ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ መኪናው ሲያረጅ፣ በተለምዶ ቼክ ኢንጂን የሚባለው የሞተር ሥዕል ያለበት ቢጫ መብራት ዛሬ በርቶ ነገ ይጠፋል፤ ከሳምንት በኋላም ተመልሶ ይበራል። ይህ ጠባይ በባለ መኪናው ኪስና በመለዋወጫ ሻጩ መልካም ስም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

በተለይ ባሁኑ ጊዜ ነገሩ ብርቱ ሆኗል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ ኦቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ በእጅ ያለችው አሮጌ መኪና እንደ ቀድሞው በቀላሉ ሸጠው በሌላ የሚለውጧት አይደለችም፤ እየተጠገነች መሥራት አለባት። ጥገናውም በግምት የተመሠረተ ከሆነ፣ ባለቤቷ የመኪናዋን ዋጋ ያህል ለመለዋወጫ ከፍሎ መብራቱን እንደ በራ ያገኘዋል።

ዘወትር የሚታየው ይህን ይመስላል። መብራቱ ሲበራ ባለ መኪናው ወደ ጋራዥ ይሮጣል፤ ከጋራዡ ሲደርስ መብራቱ ጠፍቶ ይቆየዋል። ሜካኒኩም መኪናዋን ጥቂት አስነሥቶ ካዳመጠ በኋላ «ሃይብሪድ ባትሪዋ አልቋል» ይላል። ወይም የትንሹን ባትሪ ገመድ ነቅሎ ይመልስና «ይኸው ጠፋ» ብሎ ዋጋውን ይቀበላል። ከሁለቱ የሚከፋው የትኛው እንደ ሆነ ለመናገር ያስቸግራል፤ የመጀመሪያው ያልተበላሸውን ያስለውጣል፣ ሁለተኛው የተበላሸውን ይሸፍናል።

መብራቱ ጠፋ ማለት ጉድለቱ ተወገደ ማለት አይደለም። የመኪናው ኮምፒዩተር ለአብዛኛው ጉድለት የተወሰነ ሥርዓት ይከተላል፤ ይኸውም ጉድለቱ አንድ ጊዜ ሲታይ በማስታወሻ ይይዘዋል፣ በተከታዩ ጉዞ ከተደገመ መብራቱን ያበራል፣ በሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ካልታየ መብራቱን ራሱ ያጠፋዋል። የጉድለቱን ኮድ ግን ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል እስኪሞቅና እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይዞት ይቆያል። ከኮዱም ጋር በዚያች ቅጽበት መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደ ነበር፣ ሞተሩ ምን ያህል ሞቆ እንደ ነበርና ምን ያህል ጭነት እንደ ነበረበት መዝግቦ ያስቀምጣል። የባትሪውን ገመድ የሚነቅል ሜካኒክ እንግዲህ የሚያጠፋው ይህን መዝገብ ነው። የዱቤ ደብተሩን ቀዶ «ዕዳ የለብህም» የሚል ጸሓፊ ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው መብራቱ በጉዞ ላይ ሳለ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ሲል ነው። ያን ጊዜ ቤንዚኑ በሲሊንደሩ ውስጥ በሚገባ አለመቃጠሉንና ወደ ካታላይዘሩ እየሄደ እያጋለው መሆኑን ስለሚያስታውቅ፣ ፍጥነትን ቀንሶ መቆም እንጂ እስከ አዳማ ልድረስ ማለት አይበጅም።

ኮዱ ተነበበ ማለትም ፍርዱ ተሰጠ ማለት አይደለም። ፒ0420 የተባለው ኮድ የካታላይዘሩ ሥራ መድከሙን ያመለክታል፤ ነገር ግን የጭስ መውጫው ቧንቧ ቢሾልክም ወይም የኦክስጅን መለኪያው ቢሳሳት ያው ኮድ ሊመጣ ይችላል። ፒ0171 ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ ማነሱን ይናገራል፤ አቧራ በበዛበት አገር ግን መጀመሪያ መመርመር ያለበት የአየር ማጣሪያውና ከበስተኋላው ያለው የአየር መለኪያ ነው። መለኪያው ተጠርጎ ብቻ ችግሩ የሚወገድበት ጊዜ አለ። መኪናውን ከእህል መጋዘን አጠገብ የሚያሳድር ነጋዴም ኮፈኑን ከፍቶ አይጥ የበላው ሽቦ መኖሩን ቢያይ አይከፋም፤ ግማሽ የተበላ ሽቦ መኪናው ሲናጥ አንዴ ይገናኛል፣ አንዴ ይለያያል።

ባለ መኪኖችን ሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ፒ0ኤ80 የተባለው፣ ሃይብሪድ ባትሪው ይለወጥ የሚለው ኮድ ነው። በፕሪየስ ውስጥ ይህ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ጀርባ ተቀምጦ፣ በመቀመጫው ጎን ካለ ቀዳዳ አየር በሚስብ ማራገቢያ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ከአዳሚ ቱሉ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያስጭን ነጋዴ ይታሰብ። ጭነቱ በአይሱዙ ይሄዳል፤ እርሱ ግን በገበያ ቀን ሚዛኑን፣ ባዶ ጆንያውንና የናሙናውን ከረጢት ከኋላ መቀመጫ ላይ ከምሮ በስምጥ ሸለቆው የቀትር ሙቀት ይጓዛል። ጆንያው ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ማራገቢያውም ከዓመታት አቧራ የተነሣ ደክሟል፤ ባትሪው ይግላል፣ ክፍሎቹም እኩል መሥራት ያቅታቸዋል፣ መብራቱም ሊበራ ይችላል። በሌላው ቀን መቀመጫው ባዶ ሲሆን መብራቱ አይታይም። ይህን ሰው «መብራቱ የሚበራው በየትኛው ቀን ነው? ምን ጭነህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ፣ ማራገቢያው ተጠርጎ፣ ክፍሎቹን የሚያያይዙት የመዳብ ሰሌዳዎችም ዝገታቸው ተወግዶ፣ የየክፍሉ ቮልት ይለካል። ልኩ መጥፎ ከሆነ ባትሪው ይለወጥ፤ መልካም ከሆነ ግን ትልቅ ገንዘብ ዳነ።

ሜካኒኩን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። ደንበኛው ለዕቃ እንጂ ለምርመራ መክፈል አይወድም። ግማሽ ቀን መርምሮ አንድ የላላ ሽቦ ያጠበቀውን «ምን ሠራህና ነው?» ይለዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልተበላሸ ዕቃ የለወጠለትን አመስግኖ ይሸኛል። እንዲህ ያለ ደንበኛ የሚገባውን ጋራዥ አግኝቷል ማለት ይቻላል።

በንግዱ ወገን ሊደረግ የሚገባው አለ። መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ዕድሜው የማይታወቅ ያገለገለ ባትሪ ከማስመጣት ጋር፣ የሃይብሪዱን ክፍል ጭምር የሚያነብ ስካነር፣ ለከፍተኛ ቮልት የተሠራ መለኪያና ጓንት ቢያስመጡ ገበያ አያጡም፤ ርካሹ ስካነር የሞተሩን ኮድ እንጂ የባትሪውን ክፍሎች ብዙውን ጊዜ አያሳይምና። በአዳማም ሆነ በባቱ የሚሸጥ ባለ ሱቅም ትልቅ ባትሪ ወይም ካታላይዘር ሲሸጥ የተነበበውን ኮድና የተለካውን ልክ በደረሰኙ ጀርባ ይጻፍበት። ሽያጩ በአንድ ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ ነገር ግን ዕቃው አልሠራም ብሎ የሚመለስ ደንበኛ ይቀንሳል፣ ቢመለስም የሚነጋገሩበት ወረቀት አለ።

አሮጌ መኪና የሚገዛና የሚሸጥም ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በሽያጭ ዋዜማ ኮድ አስጠፍቶ መኪናውን ንጹሕ አስመስሎ ማቅረብ የተለመደ ማታለል ነው። ኮድ ሲጠፋ ግን ኮምፒዩተሩ በራሱ ላይ የሚያደርጋቸው ምርመራዎች ሁሉ «አልተፈጸመም» ወደሚል ይመለሳሉ፤ እነርሱም ተፈጽመው እስኪያልቁ በከተማና በረጅም መንገድ የጥቂት ቀናት ጉዞ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገዢው ስካነር ሲያስነብብ ኮድ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ምርመራዎቹ መፈጸማቸውንም ይጠይቅ። ካልተፈጸሙ ወይ ባትሪ ተነቅሎ ነበር፣ ወይ አንድ ሰው መዝገቡን ፍቆታል፤ ክፍያው ለሳምንት ቢቆይ ሻጩን ሊያስቀይመው አይገባም።

ባትሪውን በገዛ እጁ ለመክፈት የሚደፍር ካለም ይታገሥ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ውስጥ እያንዳንዳቸው 7.2 ቮልት ያላቸው 28 ክፍሎች ተያይዘው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ፤ ይህም ሰው ይገድላል። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ገመድ የሚነካው መኪናው ጠፍቶ፣ የትንሹ ባትሪ ገመድ ተፈትቶ፣ የደኅንነት መሰኪያው በጓንት ከተነቀለና 10 ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ነው። መሰኪያውንም የነቀለው ሰው ሌላው ሳያውቅ መልሶ እንዳይሰካው በኪሱ ይያዘው።