«የማን አጥንት ነው?»

ባለፈው ወር እናቴን ጥርስ ላስነቅላት ይዣት ሄጄ ነበር። ምርመራው አልቆ ዋጋ ስንጠይቅ፣ እንግዳ መቀበያ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ባለቀለም ብሮሸር ሰጠችን። ጥርስ መንቀል ከአጥንት መሙያ ጋር፣ ሁሉም በአንድ ፓኬጅ፣ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል። እናቴ መነጽሯን አውጥታ እስከ መጨረሻው አነበበችና «ተፈጥሯዊ? የማን አጥንት ነው?» አለች።

ልጅቷ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ «ተፈጥሯዊ» የምትለዋን ቃል ስንት ብሮሸር ላይ እንደጻፍኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ብዙ ዝርዝር ትሸፍናለች።

እርስዎም እንዲህ ዓይነት ነገር ቢቀርብልዎ ጉዳዩ ይህ ነው። ጥርስ ሲነቀል ዙሪያውን ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታል፤ ከዚያም ይመነምናል። በመጀመሪያው ዓመት የስፋቱ ግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛው የሚቀንሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። በኋላ ኢምፕላንት ማስተከል ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ ብሎኑ የሚይዘው አጥንት ያጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ጉድጓዱን በደቃቅ የአጥንት ፍርፋሪ ይሞላና በስስ ሽፋን ከድኖ ይሰፋዋል። ፍርፋሪው ግንበኛ እንደሚቆምበት ርብራብ ነው፤ የራስዎ አጥንት በእሱ ላይ እየተንጠላጠለ ያድጋል። መመንመኑን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም።

የእናቴ ጥያቄ ታዲያ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ፍርፋሪው ከራስዎ አካል፣ ከሰው ልገሳ፣ ከከብት ወይም ከአሳማ ሊመጣ ይችላል፤ በፋብሪካ ከካልሲየም ውህድ የሚሠራም አለ። ሽፋኑም ብዙ ጊዜ ከከብት ወይም ከአሳማ የሚወጣ ኮላጅን ነው። ሐኪሙ ቅን ሰው ነበርና ካርቶኑን አምጥቶ አነበበልን፦ ፍርፋሪው የከብት፣ ሽፋኑ የአሳማ። እናቴ አማተበች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር ይህ ብሮሸሩ ላይ አለመጻፉ እስካሁን ይገርመኛል። መድኃኒት ነው ወይስ ምግብ የሚለውን እያንዳንዱ የሃይማኖት አባቱን ይጠይቅ፤ ግን ከተሰፋ በኋላ ሳይሆን በፊት ሊያውቅ ይገባዋል። ሌላ አማራጭም አለ፤ ሐኪሙ ራሱ ነገረን።

ከዚያ «እማማ፣ ኢምፕላንት የማስተከል ሐሳብ አለዎት?» ብሎ ጠየቃት። የሚነቀለው የመጨረሻው መንጋጋ ነው፤ ከላይ የሚገጥመውም ከወለቀ ቆይቷል። «ለምኔ?» አለች። «እንግዲያው የራስዎ ደም ይበቃዎታል» አላት። ፓኬጁ ቀረ። የሚነቀለው የፊት ጥርስ ቢሆን ወይም ኢምፕላንት ብታስብ ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ያኔ ስለ መሙያው መነጋገር ያለብዎ ጥርሱ ሳይነቀል ነው። ስኳር ካለብዎ፣ ደም የሚያቀጥን ወይም ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ያኔውኑ ይናገሩ።

ደም ያለው ሐኪሙ ወዶ አይደለም። ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ለድዱም ለአጥንቱም መነሻ ነው። ይህን በራሴ ጥርስ ተምሬዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ተነቅዬ ቤት ስገባ አክስቴ «በአረቄ ተጉመጥመጪ፣ ቁስሉን ያደርቀዋል» አለችኝ። አመሻሹን ሙሉ ስጉመጠመጥ ዋልኩበት። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጆሮዬ ድረስ ወጣ፤ የረጋው ደም ታጥቦ ሄዶ አጥንቱ ተገልጦ ነበር። ሐኪሟ አጥባ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል መድኃኒት እስክትጨምርበት ድረስ እንቅልፍ አላየሁም።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት መጉመጥመጥ፣ በኃይል መትፋት፣ በስትሮ መጠጣት የለም። ሲጋራና ሺሻ ለብዙ ቀናት ይቅሩ። በማግስቱ ለብ ያለ የጨው ውኃ አፍዎ ውስጥ ቀስ ብለው አንከባለው ወደታች ይልቀቁት። ለእናቴ የከበዳት ቡናው ነበር፤ ትኩስ ተከልክላ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሰው ሲጠጣ አየች።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነጣ ያለ ነገር ቁስሉን ቢሸፍነው መግል መስሎዎት አይፋቁት፤ የመዳን ምልክት ነው። መሙያ ከተደረገልዎ ጥቂት ፍርፋሪ እንደ አሸዋ ምላስዎ ላይ ቢገኝም አይደንግጡ። ድዱ በጥቂት ሳምንታት ይገጥማል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ግን ወራት ይወስዳል። ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከባሰ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ደሙ አልቆም ካለ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ።

እናቴ በ10ኛው ቀን ስፌቱ ወጣላት። ስንወጣ እንግዳ መቀበያዋ ጋ ቆም ብላ «የኔ ልጅ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ከምን እንደተሠራ ጻፉበት» አለቻት።