በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል

ሐኪሙ ለሕመምተኛው በሳምንት አንድ ሰዓት ይሰጠዋል፤ የቀሩት 167 ሰዓቶች ግን የሕመምተኛው የራሱ ናቸው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንናገረው ስለ እነዚያ ሰዓቶች ነው፤ ዘመኖቹንም ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ሕመሙን ሐኪሞች ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር ይሉታል። የመጀመሪያው ቃል ድንበር ማለት ነው፤ የቀድሞዎቹ ሐኪሞች በጭንቀት ሕመምና በእብደት መካከል ያለ ደዌ መስሏቸው ነበርና። ግምቱ ቀርቶ ስሙ ተረፈ። ይህ ደዌ ያለበት ሰው ስሜቱ ፈጥኖ ይነድዳል፥ ዘግይቶም ይበርዳል፤ የሚወደው ሰው ጥቂት ቢዘገይበት የተጣለ ይመስለዋል፤ ጧት ያመሰገነውን ማታ ይጠላዋል። ሥቃዩ ሲበዛበት የገዛ አካሉን እስከ መቍረጥ ይደርሳል፤ ራሳቸውን የሚያጠፉም አሉ። ቤተ ሰብ ግን ብዙ ጊዜ ዐመል ነው፥ ቅብጠት ነው ይላል። እኛም በመምህርነታችን እንዲህ ያለችውን ተማሪ «ቍጡ ናት» ብለን ያለፍንበት ጊዜ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባንም።

ለዚህ ደዌ ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ የተባለውን ሕክምና ያወጡት፥ በሲያትል ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ማርሻ ሊነሃን ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው በ1961 በ17 ዓመታቸው በሃርትፎርድ ከተማ በአንድ የአእምሮ ሆስፒታል ተኝተው፥ ክንዳቸውን ይቈርጡ ነበር። ይህንንም በ2011 በዚያው ሆስፒታል ቆመው ለሕዝብ ተናገሩ።

በሕክምናቸው ሕመምተኛው በየቀኑ የስሜቱን ሁኔታ በካርድ ይመዘግባል፤ በቀጠሮና በቀጠሮ መካከልም ለሐኪሙ ስልክ መደወል ይችላል። ነገር ግን የሚደውለው ራሱን ከመጕዳቱ በፊት ነው። ከጐዳ በኋላ፥ ሕይወቱን የሚያሠጋ ነገር ካልሆነ በቀር፥ ሐኪሙ ለ24 ሰዓት የስልክ ምክር አይሰጠውም። ሕጉ ጨካኝ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ቍስል ደግ ቃል ማግኛ እንዳይሆን ነው።

ሐኪምም ሰው ነውና ይተኛል። ስለዚህ ባልደረቦቻቸውና ሊነሃን አብረው ዲ ቢ ቲ ኮች የተባለውን የእጅ ስልክ መተግበሪያ ሞክረው ውጤቱን በ2011 አሳተሙ። መሣሪያው ሕመምተኛው ምን እንደ ተሰማውና ስሜቱ ምን ያህል እንደ በረታ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ስሜቱ ከሚገፋው በተቃራኒ ያደርግ ዘንድ ይመራዋል፤ ይኸውም ያለ በቂ ምክንያት ሲፈራ ወደሚፈራው መቅረብ፥ ሲቈጣም በለዘብታ ገለል ማለት ነው። የሞከሩት ደዌው ከአደንዛዥ ነገር ሱስ ጋር ያለባቸው 22 ሰዎች ነበሩ። በተጠቀሙበት ጊዜ የስሜታቸው ብርታትና የሱሱ ጕትጐታ ቀነሰ። ነገር ግን ሁሉም አስቀድመው በሕክምና ላይ ነበሩ፥ የሚነጻጸርም ሌላ ቡድን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መተግበሪያ ወጣ። በ2020 ጥናቶቹን የሰበሰቡ ሊቃውንት ግን መተግበሪያዎቹ የደዌውን ምልክቶች ከሌላው ርዳታ አብልጠው ማቃለላቸውን የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም። በእኛ አስተያየት ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ስልክ የተማሩትን ያስታውሳል እንጂ የድምፅን መንቀጥቀጥ አይሰማም። ሐኪም ላለው ሰው በእኩለ ሌሊት መልካም ረዳት ነው፤ ሐኪም ለሌለው ግን ሐኪም አይሆነውም። ልጅ «ልሙት» ባለበት ሌሊት ስልክ ሰጥቶ መተኛት አይገባም፤ ሰው ከአጠገቡ አይለይ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

የካርዱ ነገር ግን በስልክ ይሻላል እንላለን። በወረቀት ሲሆን ሰው የሳምንቱን በቀጠሮው ዋዜማ በአንድ ጊዜ ሊሞላው ይችላል፤ ስልኩ ግን ሰዓቱን አብሮ ይመዘግባል። ሆኖም በውስጡ የሚቀመጠው የሰው ጥልቅ ምስጢር ነውና፥ መዝገቡ የት እንደሚከማችና ማን እንደሚያነበው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። እናትና አባትም ቢሆኑ ልጃቸው ሳይፈቅድ ባይከፍቱት ይሻላል፤ ያነበቡበት እንደ ሆነ በማግሥቱ እውነቱን አይጽፍምና።